ከበየዳ በኩል የወጣው መብራት

በዚያ በመጀመሪያው ማታ እናቴ ያየችው ምን ነበር? እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

እኔ ቤት አልነበርኩም። ወፍጮ ቤት አምሽቼ፣ ከነጠላዬ ላይ ዱቄቱን እያራገፍኩ ስደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እናቴ ሰው በሚያሾልክ ልክ ከፈት አድርጋ በክንዴ ጎተተችኝና መልሳ ቀረቀረችው። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ምድጃው ውኃ ተደፍቶበት እርጥብ አመድ ይሸታል።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«ቀስ በይ። ከላይ አለ።»

«ማን?»

«ድሮኑ።»

እንደ እሷ አነጋገር መብራቱ ከምሥራቅ፣ ከበየዳ ተራሮች በኩል ብቅ አለ፤ ቀላ፣ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ፤ ወደ እኛ ጥቂት መጣና ተመለሰ። «ተንቀሳቀሰ ነው የምትይው?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኳት። «ዓይን አለኝ እኮ!» አለች ተቆጥታ። እውነቷን ነው፤ ማዶ ሸንተረር ላይ ያለ በግ የማን እንደሆነ የምትለይ ሴት ናት። ነገሩን ካወቅሁት በኋላም ይህ አንዱ አልፈታ ብሎኛል። ጨለማ ውስጥ አንድ ነጠላ መብራት ላይ ዓይኑን የተከለ ሰው መብራቱ የሚዋልል እንደሚመስለው በራሴ ሞክሬ አይቻለሁ። ግን ያን ማታ የሆነውም ይኸው ነው ብዬ ልምል አልችልም። ምናልባት በእርግጥም ሌላ ነገር አልፎ ይሆናል። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ከዚያ ማታ ወዲህ ያለውን ግን አይቻለሁና እጽፈዋለሁ።

በዚያ ሰሞን እኛ ደባርቅ ሰው ከምድር ይልቅ ሰማይ ይፈራ ነበር። ማን ከማን ተዋጋ፣ ለምን ተዋጋ የሚለውን የሚጽፉ ሞልተዋል። እኔ የማውቀው ሰው መንገድ ሲሄድ ሽቅብ እያየ መሄድ መልመዱን ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስልክ ለሰዓት ማያና ለባትሪ ብቻ ቀርቷል።

ታኅሣሥ ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መብራቱ በማግስቱም ማታ መጣ፤ በሦስተኛውም መጣ። ያኔ እኔም አየሁት። ደነገጥኩ። ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይርገበገባል፤ ቀይ ይላል፣ አረንጓዴ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ብየዳ ብልጭታ ሰማያዊ ይሆናል። ኮከብ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም ነበር። ወይም፣ በትክክል መናገር ካለብኝ፣ ኮከብን አስተውዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከቤታችን በላይ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ መንደሩ በማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ይላቸዋል። በመብራቱ ላይ የፈረዱት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉን አጥር ሥር አቁመው፣

«ቀይና አረንጓዴ ካየህ የሚበር ነገር ነው» አሉ። «ቀዩ በግራ ክንፉ ነው፣ አረንጓዴው በቀኙ። ይህን ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ሃምሳ አለቃ?»

«መብራት የሚባል አይታይ። እሳት በቀን አንድዱ፣ በቀን አብስሉ፣ ማታ የቀዘቀዘውን ብሉ። በጨለማ አንድ ሲጋራ ከየት ድረስ እንደሚታይ ብነግራችሁ አታምኑኝም።»

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ዱላቸውን ይዘው በየበሩ ይዞራሉ። ከስንጥቁ ብርሃን የሚያፈስ ቤት ካገኙ ኳ! ኳ! አድርገው «ብርሃን!» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ክፋት አልነበረባቸውም። እኛን ቤት አስገብተው እሳቸው ከዚያ መብራት ሥር ውጭ እንደሚያመሹ ሳስብ እንዲያውም አከብራቸው ነበር።

እኔን ግን ጨለማው የነካኝ በሌላ በኩል ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። በጊዜው ለምን እንዳልገባሁ ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ የታመመው አባቴ፣ ያለ ዕድሜዬ የገባሁበት ትዳር፣ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ይለኝ ነበር። ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ያከብሩኛል፤ መልስ ሲጠፋኝ ደግሞ «እትዬ ዛሬም አላጠኑም!» ብለው ይንጫጩብኛል። ከእነሱ ጋር እየሳቅሁም እየተናደድኩም ከፍ አልኩ፤ ኋላም በማታው ክፍል ቀጥዬ አሥራ ሁለተኛ ደረስኩ። ያ ዓመት የፈተናዬ ዓመት ነበር። ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነኝ። የማታው ትምህርት በፍርሃቱ ምክንያት ሲዘጋ አስተማሪዎቹ «በየቤታችሁ አንብቡ» ብለው አሰናበቱን። የማነብበት ጊዜ ማታ ብቻ ነው፤ የማነብበትም መብራት እናቴ በግ ሸጣ የገዛችልኝ ሶላር ብቻ። ጠፍጣፋው ሰሌዳ ጣሪያ ላይ ሆኖ ቀን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል፤ ማታ ትንሿ አምፖል እንቅልፍ እስኪጥለኝ ታበራልኛለች። መብራቱ ከቀረ ፈተናው ቀረ። ፈተናው ከቀረ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዱቄት ስመዝን ልኖር ነው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም።

መጀመሪያ ተንኮል ሞከርኩ። ጋቢ ተከናንቤ ከሥሩ አበራሁ። ኳ! ኳ!

«ብርሃን!»

«ጋቢ ውስጥ ነኝ እኮ፣ ሃምሳ አለቃ!»

«ጋቢሽ ወንፊት ነው!» አሉኝ ከውጭ።

እናቴ አምፖሏን ከእጄ ነጥቃ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ላይ ጣለቻት። «ነፍስ ይቀድማል ወይስ ፊደል?» አለችኝ።  ነፍስ እንደሚቀድም ማን ያጣዋል?

ያን ማታ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ ወሰንኩ። ይህ ነገር ወይ ድሮን ነው፣ ወይ አይደለም። ከሆነ ፈተናው ይቅር፣ እቀመጣለሁ። ካልሆነ መብራቴን ይመልሱልኝ። ግን ማወቄ ለራሴ ብቻ የሚሆን አልነበረም። ወፍጮ ቤት ሚዛን ስቼ እንደሆነ ባለቤቱን ጠርቼ አስተካክላለሁ። እዚህ ስቼ፣ በእኔ ቃል ሰው መብራት አብርቶ አንድ ቤት ቢመታ ግን የቱን አስተካክላለሁ? ስለዚህ የማልጠራጠርበት ቀን እስኪደርስ ለማንም ትንፍሽ ላልል ከራሴ ጋር ተማማልኩ።

መስኮታችን ወደ ምሥራቅ ነው። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ወደ ግድግዳው ስትዞር መዝጊያውን ክንድ በሚያሾልክ ልክ ከፍቼ አገጬን ደፉ ላይ አሳርፋለሁ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዳይ አገጬ የሚያርፍበትን በከሰል ምልክት አደረግሁበት። መብራቱ ቢንቀሳቀስ እንዲታወቀኝ መስኮቱ ላይም ከላይ እስከ ታች ክር ወጠርኩ።

በቀጥታ የተሰደሩ ሦስት ኮከቦች አሉ፤ ሰማይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። መጀመሪያ እነሱ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ቆመ ሆነው ከተራራው ጀርባ ይወጣሉ። ቆየት ብሎ መብራቱ በእነሱ ዱካ ይከተላል። ክንዴን ዘርግቼ በስንዝር ለካሁ፤ ከሦስቱ እስከ መብራቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው። በማግስቱም አንድ ስንዝር። ደመና ካልሸፈነው በቀር በየማታው ያው አንድ ስንዝር። ሦስቱ ከፍ ሲሉ ከፍ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ያዘነብላል። በአንድ ገመድ የታሰሩ ይመስሉ ነበር። ሰው የሚነዳው ነገር ከኮከብ ጋር እንዲህ ርቀቱን ጠብቆ የሚጓዘው ምን ሊያደርግ ነው?

ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ መብራቱ በየማታው ቀደም ቀደም ይል ጀመር። በመጀመሪያ ሰሞን ሰው ራቱን ጨርሶ ነበር የሚወጣው። በገና ሰሞን ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ ይጠብቀናል። ከጥምቀት በኋላማ ራት በሚበላበት ሰዓት ከተራራው ርቆ ሽቅብ ወጥቷል።

ወፍጮ ቤት የወሬ ገበያ ነው። ሞተሩ ሲያጓራ ሰው ይጮኻል፤ ሞተሩ ድንገት ሲቆም ጩኸቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። በጥር ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ እየቀረበ ነው።

«ታኅሣሥ ላይ ተራራው ጫፍ ነበር፤ አሁን በራት ሰዓት እኩል ሰማይ ደርሷል» አለች ገብስ ልታስፈጭ የመጣች ሴት።

«እየለመደን ነዋ!» አለ ወፍጮ ነጂው። ሳይቀልድ የሚያሳልፈው ነገር የለም። «ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካበራ ባንዲራ ይዞ ነው፤ የራሳችሁን ሰው ምን ትፈራላችሁ?»

«የራሳችን ቢሆን ዱቄት ያወርድልን ነበር!»

«ተራሽን ጠብቂ እንጂ፤ ምናልባት ለማስፈጨት ይሆናል የሚመጣው።»

«እናንተ ትስቃላችሁ» አለ ከደባርቅ በሰሜን፣ ከቁልቁለቱ በታች ካለው ከድብ ባሕር ጤፍ ጭኖ የመጣ ገበሬ። «እኛ ላይ እኮ ነው የቆመው። ልክ ከቤቴ በላይ።»

ወፍጮ ነጂው ወደ እኔ ዞረ። «ተማሪዋ፣ አንቺስ? መጽሐፉ ምን ይላል?»

«አላወቅሁም» አልኩት።

አልዋሸሁትም። ግምት ነበረኝ፤ ግምት ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። የድብ ባሕሩን ገበሬ ቃል ግን ይዤ ቀረሁ። ልክ ከቤቱ በላይ ነው አለ። እኛ ደግሞ ልክ ከእኛ በላይ ነው እንላለን።

መጽሐፉም ቢሆን ጠይቄው ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እጄ ላይ የቀረ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዷን ገጽ በመዝገበ ቃላት ስቆፍር እውላለሁ፣ ያውም ሞተሩ ባረፈ ቁጥር። ኮከብ የሚርገበገበው ራሱ ሳይሆን በእኛና በእሱ መካከል ያለው አየር ነው ይላል። ወደ አድማስ ዝቅ ያለ ኮከብ በብዙ አየር ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ብርሃኑ ይሰባበራል፤ ቀለሙም እንደ ቀስተ ደመና ይለያያል። ደማቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከሁሉ ደማቁን ለማግኘት ሦስቱን ተሰዳሪዎች ተከትለህ ውረድ ይላል፤ ስሙንም ሲሪየስ ብሎ ጽፎታል።

በማንበብ ብቻ አላበቃሁም፤ መጽሐፍ ስለተናገረ ብቻ የሰው ቤት መብራት አላስበራም። ወፍጮ ቤታችን በስተኋላ የሞተሩ ጢስ የሚወጣበት ቧንቧ አለ። ሞተሩ ሲግል በቧንቧው አፍ ላይ አሻግሬ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየሁ። መስቀሉ ይጨፍራል። ጎንበስ ብዬ ከቧንቧው ውጭ ሳየው ቀጥ ብሎ ቆሟል። መስቀሉ እንዳልተነቃነቀ አውቃለሁ፤ የተነቃነቀው በመካከላችን ያለው አየር ነው። ወፍጮ ነጂው ጎንበስ ቀና ስል አይቶ፣ «ስግደቱን ለጾሙ አቆዪው!» አለኝ።

መብራቱ ከፍ ካለ ወዲህ ከመስኮቱ አልታይ አለኝ፤ ከክሩም ከከሰሉም በላይ ሄደ። ስለዚህ ውጭ መውጣት ነበረብኝ፤ ውጭ ለመውጣት ደግሞ ከሽንት ቤት የተሻለ ምክንያት የለም። የውኃ ጆግ ይዤ እወጣለሁ፤ ጓሮው መሐል ቆሜ ክንዴን እዘረጋለሁ፣ ስንዝሬን እለካለሁ፣ እገባለሁ። ቆየት ብዬ ደግሞ እወጣለሁ።

«ሆድሽን ምን ነካው?» አለችኝ እናቴ።

«ደህና ነኝ እማ።»

«ደህና ሆድ በየማታው ሁለቴ ሦስቴ አያስወጣም። ሽምብራው ነው። ሽምብራ አትብዪ።»

ለሰማይ ስል ሽምብራ ተከለከልኩ። ከፍ ካለ በኋላ ግን ቀለሙ እየለቀቀው መሄዱን አየሁ፤ ቀዩም አረንጓዴውም ጠፍቶ ነጭ ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቅሳል። መጽሐፉ ያለው ደረሰ። ሰው ግን ይህንንም ተርጉሞታል፤ «መብራቱን ቀነሰ፤ ሊደበቅ ነው» ይባል ነበር።

የቀረኝ የድብ ባሕሩ ገበሬ ቃል ነበር። አክስቴ ከእኛ በስተደቡብ፣ ዳባት ናት። በየካቲት መጀመሪያ ልጠይቃት ነው ብዬ ሄድኩ፤ እውነትም መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጉልበቷን ያማታል። ሲመሽ ከቤቷ ደጅ ወጣን። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ በአገጯ አሳየችኝ።

«ይኸውልሽ። እኛ ላይ ተተክሎ ቀረ። እናንተ ደባርቆች ምን አለባችሁ!»

ክንዴን ዘረጋሁ። ሦስቱ፣ ከእነሱ አንድ ስንዝር፣ መብራቱ። ደባርቅ ላይ ያለ ነገር ቢሆን ከዳባት ወደ ሰሜን ዞሬ ነበር የማየው። ድብ ባሕርም፣ ደባርቅም፣ ዳባትም በአንድ ማታ ልክ ከራሳቸው በላይ ያዩታል፤ እኔ በለካሁባቸው በሁለቱም ከእነዚያው ኮከቦች በአንድ ስንዝር። እንዲህ የሚሆነው እጅግ ሩቅ ያለ ነገር ብቻ ነው። ተራራ እንኳ እንዲህ አይሆንም፤ መኪና ላይ ሆነሽ ስትሄጂ ቦታውን ይለውጣል።

ከዳባት ስመለስ አልተጠራጠርኩም። ቢሆንም አፌን አልከፈትኩም። ለማን ልንገር? ለእናቴ ብናገር ለሃምሳ አለቃ ትናገራለች። ለሃምሳ አለቃ ብናገር፣ ዱቄት መዛኟ የጦር ሜዳ ልታስተምረኝ መጣች ይላሉ። ቃሉን በአፌ እያላመጥኩ ሁዳዴ ገባ።

ናፍጣ አልቆ ወፍጮው የቆመበት ቀን ነበር። ከቀትር በኋላ ሃምሳ አለቃ መሰላል ተሸክመው ግቢያችን ገቡ።

«እንዴት ዋላችሁ። ሶላር ሁሉ ይውረድ ተብሏል።»

«ማን አለ?» አልኳቸው።

«እኔ አልኩ። ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ከላይ ለሚያይ መስታወት ነው። መብራቱ ራሳችን ላይ ደርሶ ምን እንጠብቃለን?»

እናቴ ግቢው መሐል ጥላዋን እየለካች ነበር። እኛ ዘንድ የድሮ ሰው በጾም ሰዓቱን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቆማል፣ የራሱ ጥላ ጫፍ የት እንዳረፈ ያያል፣ ከዚያ እስከዚያ በጫማው፣ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኘ ይቆጥራል። ለየወሩ የራሱ ቁጥር አለው። እናቴ ስትቆጥር ሰው አታናግርም። ቆጥራ ስትጨርስ ቀና ብላ ወደ መሰላሉ አየች፣ ወደ እኔም አየች።

«እንግዲህ ያውርዱታ» አለች። ድምፅዋ ግን የላላ ነበር። ለሶላሩ የሸጠችውን በግ ያሰበች መሰለኝ።

«አይወርድም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩብኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ሰው ብዙ ጊዜ «ምን አልሽ?» ይለኛል። ያን ቀን ማንም ምን አልሽ አላለኝም።

«እማ፣ በታኅሣሥና ዛሬ የምትቆጥሪው ጫማ አንድ ነው?»

«ምን ነካሽ? እንዴት አንድ ይሆናል!»

«ፀሐይ ስለቀረበችን ነው ቁጥሩ የሚለወጠው?»

«መንገዷ ነው እንጂ። በየወሩ መንገዷን ትለውጣለች። ቀጠሮዋን ግን አታፈርስም።»

«መብራቱም እንደዚያው ነው። አልቀረበንም። ሰዓቱን እየቀደመ ስለሚወጣ በራት ሰዓት ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። ኮከብ ነው፣ እማ።»

በመጨረሻ ተናገርኩት። ሃምሳ አለቃ መሰላሉን ጣሪያው ላይ እንዳስደገፉ፣ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ነው።

«ኮከብ ቀይና አረንጓዴ ያበራል?» አሉ።

«ቀዩ በግራ ክንፍ፣ አረንጓዴው በቀኝ ነው ብለውናል።»

«ብያለሁ።»

«ይህ ሁለቱንም የሚያበራው ከአንዲት ነጥብ ነው፤ ተራ በተራ። ግራና ቀኝ የለውም። ክንፍ ካለው የት አደረገው?»

 መዋሸት የማይችሉ ሰው ናቸውና «አለው» አላሉኝም። ስለ ሦስቱ ኮከቦች፣ ስለ ስንዝሩ፣ ስለ ዳባትና ስለ ድብ ባሕር ነገርኳቸው። እናቴ መሐል ገብታ፣

«ሽምብራ አይደለም በይኛ!» አለች።

«አይደለም እማ።»

«እኔ ደግሞ ጤና አዳም ስቀቅልልሽ ከረምኩ!»

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። «ብትሳሳቺስ?» አሉኝ። «አንቺ ብትሳሳቺ የሚቀበረው መንደሩ ነው።»

«ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት። እኔ ድሮን የለም አላልኩም፣ ሃምሳ አለቃ። ስለሌላው አላውቅም። ይኸኛው ግን አይደለም።»

ቁልቁል አዩኝ። ኋላ እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ። «እንግዲያው አሁን በቀን አሳይኝ» አሉ። «ማታ ከወጣ በኋላማ እኔም እጠቁመዋለሁ። ሳይወጣ፣ ፀሐይ ሳለች፣ የት እንደሚቆም አሳይኝ።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ግን ትናንት ማታ ሲመሽ የት እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከትናንት ወዲያም። በአንድ ቀን የሚቀድመው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ እግሩን ወደ ቀኝ ገፋ፣ ከግድግዳው ራቅ አደረግሁት። ጎንበስ ብዬ በመሰላሉ ግርጌ ተቀመጥኩና በደረጃዎቹ ላይ ሽቅብ አየሁ። ከላይ ሰማያዊ ባዶ ነው። ጥቂት ደግሞ አስተካከልኩ።

«ጨለማው ሲይዝ እዚህ ይቀመጡ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያገኙታል። ሦስቱ ደግሞ ከእሱ ከፍ ብለው በስተቀኝ፣ ከራሳችን በላይ ይሆናሉ።»

«እንደ መድፍ አነጣጠርሽው እኮ» አሉ ሃምሳ አለቃ። መሰላሉን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። እናቴ ዶሮዎቹን አባረረች።

ሳይመሽ መጡ። ጾማችንን ፈተን፣ እናቴ ቀዝቃዛ ሽሮ አቅርባላቸው አልበላም አሉ። ፀሐይ ገባች፤ ሰማዩ ደበዘዘ። ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን ሰብስበው መሰላሉ ግርጌ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ አጠገባቸው አልሄድኩም። ሄጄ ብጠቁም ጥቆማዬን አዩ እንዳይባል ፈራሁ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ አትቆጥርም።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ የሳቡት ትንፋሽ ነው የተሰማኝ።

«አለ» አሉ።

«የት ነው?» አለች እናቴ።

«መጨረሻው ደረጃ ላይ። ከደረጃው በላይ አንድ ጣት ቢሆን ነው።»

«አንድ ጣት ስቻለሁ ማለት ነው» አልኩ።

«ይቅርታ አድርጌልሻለሁ» አሉኝ፤ ያን ቀን የቀለዱት ይህችን ብቻ ነው። ሦስቱንም ፈለጉ፤ አገኙ። ክንዳቸውን ዘርግተው ስንዝራቸውን ለኩ። ደግመው ለኩ፣ ሦስተኛም ለኩ። መሬቱ ሳይቀዘቅዛቸው አልቀረም፤ ግን አልተነሱም። እናቴ ሄዳ በላያቸው ጎንበስ ብላ አየች። 

በመጨረሻ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ሶላርሽ አይወርድም» አሉኝ። «መስኮቱን ግን በወፍራም ጨርቅ ትሸፍኛለሽ።»

«እሸፍናለሁ።»

«የእውነተኛው ድምፅ ከተሰማ ታጠፊያለሽ። እኔ እስክመጣ አትጠብቂም።»

«አጠፋለሁ።»

«ነገ ከእኔ ጋር በየቤቱ ትዞሪያለሽ። ለኔ የነገርሽኝን ለእነሱም ትነግሪያለሽ፤ እኔ እንዳንቺ አድርጌ አልችለውም።»

በየቤቱ መዞር፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር እኔ የምወደው ነገር አይደለም። «እሺ» አልኩ። ሃምሳ አለቃ መሰላላቸውን ሳይወስዱ ወደ ቤታቸው ወጡ። እኔ ገብቼ ጨርቅ ፈለግሁ።